ቡላዬን የተቀባችው መንፈስ

ሰው የሚፈራውን ነገር አምጥተው ፊቱ ሲያቆሙለት ለምን ይስቃል? ይህን ጥያቄ ሽንኩርት ስከትፍም፣ የልጅ ጨርቅ ሳሰጣም፣ እሁድ ስብከቱ ሲረዝምብኝም አገላብጬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። የተማሩት ያውቁት ይሆናል። እኔ ትምህርትን ስድስተኛ ክፍል ላይ ሸኝቼው የተመለስኩ ሰው ነኝ። መፍራቱን አውቅበታለሁ፤ መሳቁ ነው ያቃተኝ።

በመፍራትማ የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ። ልጄ አቤኒ ሲተኛ ጣቴን ከአፍንጫው ሥር አስቀምጬ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ይተነፍሳል። ዞር እላለሁ። ዞር ስል ቢያቆምስ? እመለሳለሁ። ከቤት ስወጣ በሩን እቆልፋለሁ፣ ጓጉንቸሩን እጎትታለሁ፣ የጎረቤት አጥር ጋ ስደርስ ደግሞ ተመልሼ እጎትተዋለሁ። የከሰሉን ነገርማ ተዉት! ውሃ ደፍቼበት፣ ዓመዱ እንኳ በርዶ፣ "አንዴ ብቻ ልየው" እላለሁ። ይቺ "አንዴ ብቻ ልየው" የምትባል ነገር የኔ ማኅተም ናት። ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ባለቤቴ ማርቆስ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። "ፍርሃት የሚሸጥ ዕቃ ቢሆን ከሶዶ አልፈሽ ለአረካም በጅምላ የምታከፋፍይው አንቺ ነበርሽ" ይለኛል። ይለኝ ነበር ብል ይሻላል። አቤኒ ከተወለደ ወዲህ ቀልዱ ከቤታችን ወጥቷል። አሁን የቀረችው "በቃ፣ አይተሽዋል፣ ተቀመጪ" የምትለዋ ብቻ ናት። እኔም እቀመጣለሁ። ትንሽ።

እንግዲህ በከተማችን ሰሞኑን አንድ ነገር ተነሥቷል። የመናኸሪያ ሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው በስልክ ፊልም ይሠራሉ፤ የሚያስፈራም የሚያስቅም ፊልም። ገንዘብ እንደሌላቸው ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። የእነሱ መንፈስ የምትወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ለማታ የሚሆን መብራት ከየት ይምጣ? ልብሷ አንሶላ ነው፤ ከአንሶላው በታች የላስቲክ ጫማዋ ይታያል። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። በአንደኛው ፊልም ላይ የሞተው ሰውዬ ድልሁን ብሎ የመጣ ዝንብ ሲያስቸግረው እጁን አንሥቶ አባረረውና ተመልሶ ሞተ። አልቆረጡትም፤ እንዳለ ለቀቁት። ሌላው ላይ ደግሞ መንፈሷ ከእንሰቱ ጓሮ እያቃሰተች ስትወጣ የሰው ላም በመካከል አለፈች። ላሟ ቆም ብላ አየቻት፤ አየቻትና ሣሯን ቀጠለች። ሰው ሁሉ በላሟ ሳቅ ሞተ።

የፈረንጆቹንም አይቻለሁ፤ አይቻለሁ ስል ዓይኔን ጨፍኜ ሰምቻለሁ ማለቴ ነው። እዚያ መንፈሱ የሚመጣው እኔ በማላውቀው ደረጃ፣ ከማላውቀው ምድር ቤት ነው፤ እውነት ይመስላል፤ እውነት የሚመስል ነገር ደግሞ ከእኔ ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። የእኛዎቹ ግን ስፌታቸው ይታያል። አጥሩን አውቀዋለሁ፣ ላሟን አውቃታለሁ፣ አንሶላው የማን እንደሆነ እንኳ ሰፈሩ ያውቃል። የበለጠ የምወደውን ልንገራችሁ? መንፈሷ ስታስፈራራ በአማርኛ ነው፤ ልክ ቢሮ እንደገባ ሰው ኮስተር ብላ "ማነህ አንተ! ማን ፈቀደልህ!" ትላለች። ራሷ የደነገጠች እንደሆነ ግን ወላይትኛዋ ያመልጣታል። ይሄኔ ነው ሕዝቡ ከወንበሩ የሚወርደው። እኛስ መች ከዚህ እንለያለን? አማርኛችን እስክንደነግጥ ነው።

እኔም ስቄ ነበር። የሳቅኩት ግን መንፈሷ ማን እንደሆነች እስካውቅ ነው።

መንፈሷ ዘነበች ናት። ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ ስትወጡ ፀጉር ቤት ያላት፣ ያላገባች፣ ያልወለደች፣ ወገቧ ያላረፈበት ክንድ የሚቆጨው ዓይነት ልጅ። ክፉ ነገር አይቼባት አላውቅም፤ እሱ ራሱ ያናድደኛል። ክፉ የሌለባትን ሴት ሰው በምን አሳብቦ ይጠላታል?

ማርቆስ ምሳ ሊበላ ሲገባ ስልኩን የውሃው ጆግ ላይ አስደግፎ እሷን ያያል። ያየውን ደግሞ ያያል። ጎደሬውን የቃሪያ ዳጣው ውስጥ ነክሮ ሊጎርስ ሲል እጁ አየር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ይስቃል። የትኛውን ሳቅ መሰላችሁ? ሊያገባኝ ሲመላለስ የሚስቀውን! ከሆዱ ተነሥቶ ዓይኑ ላይ ውሃ ሆኖ የሚያልቀውን። ከወለድኩ ወዲህ ያንን ሳቅ አይቼው አላውቅም፤ አልቆበት መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። ለካ አላለቀም፤ ሌላ ደጅ ነው የሚራገፈው።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅህ?" አልኩት።

"አንቺ አታይውም፤ ትፈሪያለሽ" አለና ስልኩን ወደ ደረቱ አዞረው።

ስልክ ወደ ደረት ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቃላችሁ። ያላገባችሁ ደግሞ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ቡላው እንምጣ። ቡላ ከእንሰት የሚወጣ፣ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ የአራስ ነው። በቅቤ ተገንፍቶ ይቀርባል፤ የአራሷን ወገብ ይጠግናል፣ ጡቷን ይሞላል። የኔን ቡላ እናቴ ናት ከገሱባ ያመጣችው፤ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ልጅ እንደታቀፈች ሁሉ ታቅፋው። "ይሄ ያንቺ ነው፤ ባልሽም ቢለምንሽ እንዳትሰጪው" አለችኝ። ማለት አልነበረባትም፤ የአራስ ቡላ መንካት ነውር መሆኑን የማያውቅ ሰው አገራችን የለም። አማቴ እንኳ፣ ድስት ሳትቀምስ የማታልፈው አማቴ፣ ከዚያ ቡላ ፊቷን ታዞራለች።

ይህ ቡላ መጉደል ጀመረ። መጀመሪያ አይጥ ጠረጠርኩ። ወጥመድ አጠመድኩ፤ የተያዘው የኔው አውራ ጣት ነበር። በኋላ የማርቆስን ሸሚዝ ሳጥብ ትከሻው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የሌላ ሴት ባል ትከሻ ላይ የከንፈር ቀለም ይገኛል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በኔ ባል ትከሻ ላይ ቡላ ተገኘ። አሸተትኩት። ይቅርታ አድርጉልኝና ላስኩትም። የእናቴ ቡላ ነው።

አጥር የምንጋራት የበረከት እናት እሷም ልብስ እያጠበች ነበር።

"የበረከት እናት፣ ቡላ የወንድ ልጅ ትከሻ ላይ ምን ይሠራል?"

"ማን ቀባው?"

"እሱን ንገሪኝ ነው የምልሽ።"

ሳሙናውን አስቀመጠች። ሳሙና የምታስቀምጠው ወሬው ትልቅ ሲሆን ብቻ ነው። "ያቺ መንፈስ ፊቷ ነጭ አይደለ እንዴ?" አለች።

"ዘነበች?"

"እኔ ምንም አላልኩም" አለች፤ ሰው ሁሉንም ከተናገረ በኋላ የሚላትን። "ባልሽ በባጃጁ ያመላልሳቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አዲሱን ፊልም ኳስ በሚታይበት ቤት፣ ኳስ ቤቱ ያሳያሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ሄደሽ በዓይንሽ እይ።"

እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደቆየሁ አትጠይቁኝ። የኔን ወገብ ይጠግናል ተብሎ የመጣ ቡላ የሌላ ሴት ጉንጭ ሲያስውብ በሐሳቤ አየሁ። ማን ቀባት? በየትኛው እጁ? የባሰብኝ ደግሞ እሱ አይደለም፤ ሳቁ ነው። ወንድ ልጅ ዓይኑ ቢባክን ይመለሳል ይላሉ። ሳቁ የሄደበት ወንድ ግን ምን ይዞ ይመለሳል? በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ያለው ሰው ቢያንስ ዳር ዳሩ ተርፎት ነበር።

ቅዳሜ አቤኒን አዝዬ በሩን ቆለፍኩ። ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ አልነግራችሁም፤ ስደርስ ግን ፊልሙ ሊጀመር ነበር። ኳስ ቤቱ ጥግ ድረስ ሞልቷል፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ጠጋ አለችልኝ። ማርቆስ ከፊት፣ ከሠሪዎቹ ጋር ቆሟል። አላየኝም። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ትሞታለች። ሰው ይሸከማታል፣ ያለቅሳል፤ አልቃሾቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መቃብሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ሟቿ ብድግ አለች። ፊቷ ነጭ ነው። ቡላዬ! እንዲህ ሲታይ እንዴት ያምራል መሰላችሁ፤ ተሰነጣጥቆ ግድግዳ መስሏል። ሁሉም ቃሬዛውን ጥሎ ሸሸ። እሷ ማንንም አላሳደደችም። ቆማ አሰበች፣ አሰበችና "ከሰሉን አጥፍቼዋለሁ?" አለች።

ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ጀርባዬን አንድ ነገር ወጋኝ።

መንፈሷ እየሮጠች ቤቷ መጣች። ሌባ ገብቷል። ሌባው ሲያያት ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ግን አልፋው ወደ በሩ ሄዳ ጓጉንቸሩን ጎተተች፣ ሄደች፣ ተመልሳ ጎተተች፤ ከዚያ በኮስታራው አማርኛዋ "ስትገባ ለምን አልቆለፍከውም!" ብላ ተቆጣችው። ልክ በዚህ ሰዓት ከዳሞታ ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወርደው ጀመር፤ የፊልሙ ድምፅ ጠፋ። ሰው ተናዶ ይወጣል ብላችሁ ታስባላችሁ። ማንም አልወጣም። ለካ ስልክ ላይ አስቀድሞ የተለቀቀውን ቁራጭ ሁሉም በቃሉ ይዞታል! መንፈሷ ወደ ተኛው ሕፃን ቀረበች፤ ጣቷን ከአፍንጫው ሥር አስቀመጠች፤ ዞር አለች፤ ቆመች። ያኔ ቤቱ ሙሉ፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ዝናቡን በልጦ በአንድ ድምፅ ጮኸ፦

"አንዴ ብቻ ልየው!"

እኔ ነኝ።

መንፈሷ እኔ ነኝ! አቀማመጧ፣ አንገቷን ማስገጓ፣ ጣቷን ነካ አድርጋ ወደ ኋላ መሳቧ፣ ሁሉ እኔ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በሳቅ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። "እናቴን! እናቴን ቁርጥ!" ትለኛለች ክንዴን እየመታች። "እኔ ሶዶ ሆኜ እሷ ከሃላሌ ትደውላለች፤ ከሰልሽን አጥፊ ትለኛለች! የሞተች ቀን ራሱ ትደውላለች!" እንግዲህ ምን ልበላት? አሰብኩና "አዎ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ" አልኩ።

መጨረሻው ላይ የሟቿ ባል ይመጣል። አይፈራትም። ምድጃው ጋ ተንበርክኮ እጁን ዓመዱ ውስጥ ይከታል፤ የጠቆረ መዳፉን ወደ እሷ ዘርግቶ "አየሁት፤ ጠፍቷል" ይላታል። መንፈሷ መዳፉን አየች፣ አየችና አንሶላዋን ሰብስባ ሄደች። ዝናቡም አባርቶ ነበር። አንዱ ከኋላ "ትመለስ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨበ። ለኔ መመለስ ሰው ሲያጨበጭብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተጨበጨበላት ግን ዘነበች ነበረች። ተነሥታ እጅ ነሣች።

አሁን ፍረዱኝ። ሰው በራሱ ይቀናል? እኔ ቤት ውስጥ ሳደርገው "በቃ፣ ተቀመጪ" የሚባል ነገር፣ ዘነበች ስታደርገው ከተማ ያጨበጭብለታል። ፍርሃቱ የኔ፣ ቡላው የኔ፣ ባሉም የኔ። ሳቁ የእሷ።

ማርቆስ ውጪ ባጃጁ ጋ አገኘኝ። ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል አጣ። አቤኒን ከጀርባዬ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም።

"ቡላዬን" አልኩት።

"ዱቄት ሞክረን ነበር እኮ። ላብ ሲነካው ሊጥ ሆነ" አለ። "ቡላ ይይዛል።"

"ማን ነው የሚቀባት?"

"ራሷ ናት፣ በመስታወት! ፀጉር ሠሪ አይደለች? እኔ የታሪኩን ነገር ነው የነገርኳቸው። የዕቃቸውን ጆንያ ስሸከም ቡላው ትከሻዬን ነካው።" ይህን ሲል ትከሻውን አራገፈ፤ ምንም የለበትም፤ አጥቤዋለሁ።

"የታሪኩን ነገር! እኔን ገድለህ ነዋ!"

"አልገደልኩሽም፤ መልሼሻለሁ እኮ።"

አልሳቅኩም። ልስቅ ነበር፣ አልሳቅኩም። "ቤት ውስጥ ሳደርገው ፊትህን ታጠቁራለህ። እሷ ስታደርገው እንባህ እስኪወርድ ትስቃለህ። ለምንድን ነው?"

ማርቆስ የባጃጁን መሪ ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ቤት ውስጥ ጣትሽን ስታስቀምጪ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው" አለ። "ተቀመጪ የምልሽ ለዚያ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ሕፃኑ የጓደኛዬ ልጅ አሻንጉሊት ነው፤ ምንም አይሆንም። እስኪበቃኝ እስቃለሁ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሱም ያንኑ ሲፈራ ኖሯል፤ አልነገረኝም እንጂ። መልስ ይሁን ማምለጫ ግን እስካሁን አልለየሁትም፤ ወንድ ልጅ ሲያሳዝን መጠርጠር ጥሩ ነው። አቤኒን ግን ሰጠሁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እናንተን ባላስቸገርኩ። በሳምንቱ ዘነበች ራሷ ከተፍ አለች፤ ቡላ ገዝታ፣ በፌስታል ይዛ። የገበያ ቡላ ነው፣ እንደ እናቴ አይነጣም፤ ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። ተቀመጠች፣ አቤኒን ሳመች፣ ከዚያ አፍ አውጥታ ነገሩን ነገረችኝ። ለካ የመዘምራን አባል ናት፤ መሪዎቹ ጠርተው "ወይ ዘማሪ ሁኚ ወይ መንፈስ" ብለዋታል። መዝሙሩን መርጣለች። ወጣቶቹ ደግሞ ክፍል ሁለትን ሊሠሩ ተነሥተዋል፤ ሕዝቡ ትመለስ ብሏላ!

"የአቤኒ እናት፣ የነገሩ ባለቤት አንቺ እያለሽ እኔ ምን አገባኝ?" አለችኝ። "አንቺ ሥሪው። ማርቆስም አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለዋል፤ መጠየቅ ፈርቶ ነው።"

"እኔ አላውቅበትም" አልኳት።

"እንዴት አታውቂበትም! እንዲህ እኮ ነው" ብላ ተነሣች፤ ጓጉንቸሩን ጎተተች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ጣቷን ከአቤኒ አፍንጫ ሥር አድርጋ ዞር አለች። አቤኒ ሳቀ። የገዛ ልጄ! እኔ ሳደርገው ተኝቶ ነው፤ ስቆልኝ አያውቅም። እኔን ሆና በለጠችኝ፤ ያውም እኔው ቤት፣ ያውም ላስተምርሽ ብላ።

እንግዲህ ምከሩኝ። እንቢ ብል ከአረካ ሌላ ቆንጆ ሊያመጡ ነው አሉ፤ ደግሞ እሷ እኔን ልትሆን ነው፣ ደግሞ ማርቆስ ስልኩን ጆጉ ላይ ሊያስደግፍ ነው። እሺ ብል እናቴ የአራስ ቡላዋን ፊቴ ላይ ታየዋለች፤ ገበያ ስወጣ ልጆች "መንፈሷ መጣች" ይሉኛል። ይህም ይሁን፣ እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ነው። እኔ እኔን ሆኜ ብቀርብና ማርቆስ ባይስቅስ? በዘነበች የሳቀው ሰው በእኔ ትንፋሹን ይዞ ቢቀርስ? ያኔ የምቀናበት ሰው እንኳ አይኖረኝም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልቀባው ወይስ ገንፍቼ ልብላው? በደንብ አስቡበት፤ እኔ የትም አልሄድም። ማርቆስ ከጓዳ "ከሰሉን አይቼዋለሁ፣ ጠፍቷል!" እያለኝ ነው፤ መዳፉንም አጥቁሮ በመጋረጃው በኩል አሳይቶኛል። አምኜዋለሁ። እናንተ እስክትመክሩኝ ድረስ ግን አንዴ ብቻ ልየው።